ርዕሰ አንቀጽ፦ በእቁብ የቆመ ሠፈር በውርርድ አይፍረስ



በዚህ ሰሌዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምንለጥፈው ስለ ቦይ ጠረጋ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ሌሊት ጥበቃ መዋጮና ስለ እድር ነው። ዛሬ ግን የቤታችንን ምሰሶ ከውስጥ ስለሚበላ ምስጥ እንጽፋለን። ይኸውም ወጣቶቹ «ቤቲንግ» የሚሉት የስፖርት ውርርድ ነው።

እንድንጽፍ ያስገደደን ነገር ግልጽ ነው። ተማሪዎች ጧትና ማታ በሚመላለሱበት መንገድ ዳር ተጨማሪ የውርርድ ቤት ለመክፈት የኪራይ ክፍል እየተፈለገ መሆኑ ተሰምቷል። ጉዳዩ በማኅበሩ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ሲነሣ ሁሉም በአንድ ቃል አልተናገረም። ከፊሉ «ፈቃድ ያለውን ነጋዴ ማን ይከለክለዋል? ኪራዩስ ቢሆን ለባለቤቱ እንጀራ ነው'ኮ» አለ። ከፊሉ ደግሞ «የልጆቻችንን ኪስ አራግፎ የሚከፈል ኪራይ እንጀራ አይባልም» ሲል መለሰ። ክርክሩ ረዘም ያለ ነበር። በመጨረሻ የተስማማንበት ጉዳዩ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ቀርቦ ነዋሪው ራሱ እንዲወስን፣ ከዚያ በፊት ግን ኮሚቴው አብላጫው የደገፈውን አቋም ከነምክንያቱ እዚህ ሰሌዳ ላይ እንዲያሳውቅ ነው። አቋማችን አጭር ነው፦ በሠፈራችን ተጨማሪ የውርርድ ቤት አንፈልግም፤ ያሉትም በሕግ ልክ ይያዙ።

በቅድሚያ የማንቃወመውን እንናገር፤ ሰው እንዳይሳሳትብን። ኳስ ማየትን አንቃወምም። ቅዳሜና እሑድ ከሥራ በኋላ ወጣቱም ጎልማሳውም ተሰብስቦ አርሴናልና ማንቸስተር እያለ ሲከራከር እኛም ከመካከሉ አለን። ኳስ መጫወትን እንኳንስ ልንቃወም ሜዳ የሚያጣውን ልጅ ስናይ እናዝናለን። የምንቃወመው ኳሱ ላይ የተጠመደውን ወጥመድ ነው።

ዕድል መሞከር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ብሔራዊ ሎተሪ ከተቋቋመ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። አባቶቻችን ለእንቁጣጣሽ አንድ ቲኬት ገዝተው፣ በመጽሐፍ መካከል ወይም በኮት ኪስ አስቀምጠው፣ ዕጣው እስኪወጣ ይጠብቁ ነበር። ባይደርሳቸውም «የመንግሥት ድርሻ ነው» ብለው ይተውታል፤ እስከ ሌላው በዓል ድረስም ነገሩ ይረሳል። ካርታና ቁማርም ቢሆን በስውር፣ በጓሮ፣ ሰው እየታፈረ የሚደረግ ነበር። ቁማርተኛ ልጁን ሊድር ሲጠይቅ ሽማግሌ ያመነታል። ይህ እፍረት ራሱ አጥር ነበር።

አጥሩ የፈረሰው ቀስ በቀስ ነው። በ2005 ዓ.ም. ስለ ስፖርት ውርርድ መመሪያ ወጣ፤ አወራራጅ ድርጅቶችም ከብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ እየወሰዱ መሥራት ጀመሩ። መመሪያው በ2013 ዓ.ም. ተሻሻለ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ደግሞ ቴሌብር ሥራ ጀመረ። ቴሌብር በጎ ነገር ነው፤ እኛም የውኃና የመብራት እንከፍልበታለን፤ ዘመድም ብር ይልክልናል። ነገር ግን በዚያው ስልክ፣ አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ሌሊት በስምንት ሰዓት፣ ማንም ሳያይ መወራረድ ተቻለ። ሎተሪ ሰውን ያስጠብቀው ነበር፤ መጠበቁ ለማሰብ ጊዜ ይሰጠዋል። የዛሬው ውርርድ ግን ጊዜ አይሰጥም። ጨዋታው ሲያልቅ ሌላ ጨዋታ አለ፤ የአውሮፓው ቢያልቅ የደቡብ አሜሪካው አለ። ኳስ ጭራሽ በሌለበት ሰዓት እንኳ አንዲት አውሮፕላን በስልኩ መስታወት ላይ ሽቅብ ስትወጣ ብር እየበዛ የሚታይበት ጨዋታ አለ፤ አውሮፕላኗ በድንገት ስትጠፋ ሳያወጣ የቆየ ሰው ያስያዘው ብር አብሮ ይጠፋል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ሒሳቡን እናስላ። ይህ ጽሑፍ የሚጻፈው ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት በማያልፍ እጅ ነው፤ ስሌቱ ግን ከዚያ በላይ አይጠይቅም።

ወጣቱ ብዙውን ጊዜ የሚቆርጠው ቲኬት አንድ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ አምስትና ስምንት፣ አንዳንዴም አሥር ጨዋታ ይደረድራል። ሁሉም ካልተሳካ ገንዘቡ የለም። እንግዲህ ለምሳሌ ያህል እንበል፦ አንድ ልጅ አምስት ጨዋታ መረጠ፤ እያንዳንዱ የመሳካቱ ዕድል እኩል በእኩል ነው፤ ማለት ሳንቲም ሽቅብ ወርውሮ ዘውድ ወይም ጎፈር እንደማለት ነው። ድርጅቱ ሐቀኛ ቢሆን ኖሮ በየጨዋታው ሁለት እጥፍ ሊሰጥ በተገባው ነበር። ግን እጥፍ አይሰጥም፤ ማባዣው፣ ልጆቹ «ኦድ» የሚሉት፣ 1.85 ነው እንበል። ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች። ምን ታመጣለች?

ሳንቲም አምስት ጊዜ ተወርውሮ አምስቱንም ጊዜ የፈለጉት ፊት የሚወጣው በአማካይ ከ32 ሙከራ አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ልጁ በ20 በ20 ብር 32 ቲኬት ቢቆርጥ 640 ብር ያወጣል። አንዷ ቲኬት ስትሳካለት 1.85 አምስት ጊዜ ተባዝቶ የሚያገኘው 433 ብር ገደማ ነው። 207 ብር የት ሄደ? ሌባ አልሰረቀውም፤ ዕድሉም አልጠመመም። ከመጀመሪያው በማባዣው ውስጥ ተቆርጦ የቀረ ነው። አሥር ጨዋታ ቢደረድር ደግሞ ይብሳል፤ በዚያው ማባዣ ካወጣው ከመቶ ብር ውስጥ በአማካይ 46 ብር እንኳ ሞልቶ አይመለስለትም ማለት ይቻላል። ቲኬቱ በረዘመ ቁጥር የድርጅቱ ድርሻ ይወፍራል። እንግዲህ «አንድ ቡድን ብቻ ነው ያቃጠለኝ፤ ለጥቂት ነው የተበላሁት» የሚለው ልጅ ለጥቂት አልተበላም። የተበላው ቲኬቱን በቆረጠበት ደቂቃ ነው።

«እገሌ በልቶ የለ እንዴ?» ይባላል። አዎን፣ የሚበላ አለ። ባይኖርማ ማን ይገባ ነበር? የበላው ልጅ ወሬ ከሮቤ ጎባ ሳይውል ሳያድር ይደርሳል፤ የተበሉት ግን አይናገሩም። በጆሯችን የሚሰማው ከ32ቱ የአንዱ ድምፅ ብቻ ነው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት እንደተባለው ነው።

እዚህ ላይ እናንተው በእጃችሁ የያዛችሁትን ነገር ከውርርዱ ጎን አስቀምጡት፤ እቁብን ማለታችን ነው። እቁብም ዕጣ አለው። ቀድሞ የሚደርሰው አለ፤ መጨረሻ የሚደርሰው አለ። ግን የማይደርሰው የለም። በቀን 20 ብር የሚያጠፋ ወጣት በሳምንት 140 ብር ያወጣል። እንዲህ ያሉ 50 ወጣቶች እቁብ ቢገቡ በየሳምንቱ 7,000 ብር ይሰበሰባል፤ በ50 ሳምንት ውስጥም ሃምሳዎቹም እያንዳንዳቸው 7,000 ብር በእጃቸው ይገባል። ለባለ ባጃጁ ጎማ ነው፤ ለሊስትሮው ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚሸጠው ዕቃ ነው፤ ለሌላው በግ ገዝቶ ማርቢያ ነው። ያው 50 ወጣት ያንኑ ገንዘብ፣ በጠቅላላው 350,000 ብር፣ ከላይ ባሰላነው አምስት አምስት ጨዋታ ቢወራረድበት ግን 113,000 ብር ያህል ከሠፈሩ ወጥቶ ይሄዳል። የተመለሰውም እኩል አይደርስም፤ ጥቂቱ ያገኛል፤ ያም መልሶ ያስይዘዋል።

ልዩነቱን ልብ በሉ። የእቁብ ብር ከሠፈር አይወጣም። ከአንዱ ጎረቤት ወደ ሌላው ይዞራል፤ ሱቅ ይከፍታል፤ ቆርቆሮ ይለብሳል፤ ልጅ ያስተምራል። በእቁብ ዳኛው ይታወቃል፤ ዋስ አለ፤ የቸገረው ሰው ሲለምን ተራ ይለቀቅለታል። የውርርድ ድርጅት ለተቸገረ ተራ ሲለቅ አይተን አናውቅም። በዚህ በባሌ ደጋ ደግሞ ገንዘብ በወቅት የሚመጣ ነው። የሲናና፣ የአጋርፋና የጋሠራ ገበሬ በበልግም በመኸርም ስንዴና ገብስ ሰብስቦ ወደ ከተማ ሲያወጣ፣ ኮምባይነሩ ሲዞር፣ ጫኝና አውራጁም ደላላውም ባለ ጋሪውም ብር ይይዛል። ያ የጥቂት ሳምንት ብር ነው እስከ ሌላው አጨዳ የሚያቆየን። ውርርድ ቤት በዚያ ሰሞን የሚያፍሰው ብር የትርፍ ብር አይደለም፤ የዘርና የማዳበሪያ፣ የደብተርና የዩኒፎርም ብር ነው።

ጉዳቱ በብር ብቻ አያበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት በበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ የቁማር ሱስን እንደ አልኮልና እንደ ሌሎች አስያዥ ነገሮች ባለበት ክፍል መዝግቦታል። ማለት ልጁ «ብልግና ነው፤ ምክር አልሰማ ብሎ ነው» ተብሎ ብቻ የሚታለፍ አይደለም፤ ታሟል። ምልክቱም ይታወቃል፦ የተበላውን ለማስመለስ ደግሞ መወራረድ፣ መጠኑን እየጨመሩ መሄድ፣ መዋሸት፣ መበደር፣ የቤት ዕቃ ማውጣት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ከሰው መሸሽ። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው አራጣ ነው፤ ከአራጣ ቀጥሎ ቤት የሚያፈርስ ጠብ ነው። ዕዳ አፍኖት ተስፋ የቆረጠ ልጅ በራሱ ላይ ክፉ እንዳያደርግም እንሠጋለን።

ሃይማኖታችን የተለያየ ብንሆን በዚህ ነገር አንለያይም። ቁርኣን ቁማርን ከአስካሪ መጠጥ ጋር አንድ ላይ ከልክሎታል፤ በቤተ ክርስቲያንም ከጥንት የተወገዘ ነው። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን በአንድ ቃል የሚከለክሉትን ነገር በሠፈራችን ዋና መንገድ ላይ በቀለም አስጊጠን ማስቀመጣችን ለራሳችንም ይገርመናል።

የተቃራኒውን ወገን ክርክር ደግሞ ሳንሸሽ እንመልስ።

አንደኛ፣ «ግብር ይከፍላሉ» ይባላል። እውነት ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅም ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ጨዋታ ገቢ ላይ የ15 በመቶ ግብር ጥሏል። ነገር ግን ከአንድ ቤተሰብ የተወሰደ የደብተር ብር በግብር መልክ ጥቂቱ ቢመለስ፣ ቤተሰቡ ከሰረ እንጂ አተረፈ አይባልም።

ሁለተኛ፣ «ለወጣት ሥራ ይሰጣል» ይባላል። በአንድ ውርርድ ቤት ውስጥ ገንዘብ ተቀባይና ዘበኛ ይቀጠራል። ለነዚህ ልጆች ክብር አለን፤ እንጀራ ፈላጊዎች ናቸው። ግን ሁለትና ሦስት ሰው ለመቅጠር ስንት ሰው መራቆት አለበት? ያችው ክፍል ለጥገና ሠራተኛ፣ ለልብስ ሰፊ ወይም ለዳቦ ጋጋሪ ብትከራይ እኮ የሚቀጠረው አይቀንስም፤ የሚራቆትም የለም።

ሦስተኛ፣ «ቤቱን ብትዘጉት በስልክ ይጫወታል፤ ምን አገባችሁ?» ይባላል። ይህ ክርክር ጠንካራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የውርርድ ቤቶችን ዘግቶ ነበር፤ ቤት መዝጋት ብቻውን ስልክን እንደማይዘጋም ያን ጊዜ ተነግሯል። ስለሆነም ቤቱን ብቻ እናስቀር የምንል አይደለንም። ነገር ግን በመንገድ ላይ ያለው ቤት አዲሱን ልጅ የሚያስተምረው እሱ ነው። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ታላቆቹ ተሰልፈው ሲያይ ነው ነገሩ ተራ ነገር የሚመስለው። ጎርፍን ሙሉ በሙሉ ማቆም ካልተቻለ ቦይ አይቆፈር አይባልም።

ይህን የምንለው እኛ ብቻ አይደለንም። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2019 የ27 አወራራጅ ድርጅቶችን ፈቃድ ሳታድስ ቀርታ ነበር፤ ከነዚያ የተመለሱ ቢኖሩም መንግሥቱ ነገሩ እንዳሳሰበው አሳይቷል። በዚያው ዓመት የኡጋንዳው ፕሬዚዳንት ዮዌሪ ሙሴቬኒ ለውጭ አገር አወራራጆች አዲስ ፈቃድ እንዳይሰጥ አዘዋል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2025 በኢንተርኔት በገንዘብ የሚደረጉ ጨዋታዎችን የሚከለክል ሕግ አውጥታለች። ከሁሉም የሚያስገርመው ግን ይኸ ነው፦ ልጆቻችን ሌት ተቀን የሚወራረዱባቸው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ራሳቸው፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የአወራራጅ ድርጅት ስም ከማሊያቸው ደረት ላይ እንዲነሣ ተስማምተዋል፤ መነሻውም የ2025/26 ውድድር ዘመን ሲያልቅ ነው። የኳሱ ባለቤቶች ከደረታቸው ያወረዱትን እኛ በደጃችን እንስቀለው?

ስለዚህ ማኅበሩ የሚከተለውን ይጠይቃል፤ ይመክራልም።

ቤት አከራዮች ሆይ፣ በቅድሚያ የምንለምነው እናንተን ነው። ማንም አያስገድዳችሁም፤ ንብረቱ የናንተ ነው። ኪራዩም ከሌላው የተሻለ ሊሆን እንደሚችል እናውቃለን። ነገር ግን ያ ጭማሪ ከየት እንደሚመጣ ከላይ አስልተን አሳይተናል፤ ከጎረቤታችሁ ልጅ ኪስ ነው፤ ከራሳችሁም ልጅ ሊሆን ይችላል። ክፍላችሁን ለሌላ ሥራ ለማከራየት ከወሰናችሁ ማኅበሩ ተከራይ በማፈላለግ ይረዳችኋል፤ ይህንንም በቃለ ጉባኤ አስፍረናል።

ለከተማው አስተዳደር የምናቀርበው ማመልከቻ ሦስት ነጥብ አለው። አንደኛ፣ በትምህርት ቤት፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን አካባቢ አዲስ የውርርድ ቤት እንዳይከፈት። ሁለተኛ፣ ያሉት ቤቶች ፈቃዳቸው በየጊዜው እንዲመረመር፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የሚያስተናግድ ቤት ከተገኘም በሕግ እንዲጠየቅ። ሦስተኛ፣ ከመንገድ ዳር የሚታየው የውርርድ ማስታወቂያ እንዲነሣ። ማመልከቻው በጽሕፈት ቤታችን ይገኛል። መፈረም የሚፈልግ ሁሉ መጥቶ ያንብበው፤ ሳያነቡ መፈረም የለም። መፈረም የማይፈልግም ቅሬታ አይያዝበትም፤ በስብሰባው ላይ ምክንያቱን ቢነግረን ደስ ይለናል።

ወላጆችና ታላላቆች፣ የቴሌብር የምሥጢር ቁጥራችሁን ለልጅ አትስጡ። ብር በስልክ ሲላክላችሁ ሒሳቡን ራሳችሁ እዩ፤ ማየት የማይችል በሚያምነው ሰው ያሳይ። ልጁ ዕዳ ገብቶ ብታገኙት ግን በዱላና በስድብ አትጀምሩ፤ ሰው ፊት አታዋርዱት። የተዋረደ ልጅ ዕዳውን ይደብቃል፤ የተደበቀ ዕዳ ደግሞ ይወልዳል። ሽማግሌ ጥሩ፤ የእናትም የአባትም ወገን ቁጭ ይበል፤ አበዳሪውም ይጠራ። ነገሩ ከአቅም በላይ ከሆነና ልጁ ከሰው ከሸሸ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ ሕመም ነውና እንደ ሕመም ይያዝ።

እናንተ ወጣቶቻችን ደግሞ፣ ይህ ጽሑፍ እናንተን ለመክሰስ አልተጻፈም። ሥራ ማጣቱን እናውቃለን፤ ብዙዎቻችሁ ተምራችሁ ተቀምጣችኋል። «ምን አማራጭ ሰጣችሁን?» ብትሉን ጥያቄው ተገቢ ነው። ለዚህም ኮሚቴው ከላይ ባልነው በሳምንት 140 ብር የወጣቶች እቁብ እንዲቋቋም ሐሳብ አቅርቧል፤ ዳኛውንም ጸሐፊውንም የምትመርጡት እናንተው ናችሁ፤ ማኅበሩ ዋስ ይሆናል። መጀመሪያ የሚደርሰው ዕጣ በዕዳ ለተያዘ ልጅ ቢለቀቅ የሚል ሐሳብም ተነሥቷል፤ ይህን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ሃምሳ ሰው መሙላት አለመሙላቱን በስብሰባው ዕለት እናያለን። ሠላሳም ከተገኘ በሠላሳ ይጀመራል።

ጠቅላላ ስብሰባው እንደተለመደው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በእድሩ ድንኳን ይደረጋል። አጀንዳው ይኸው አንድ ብቻ ነው። ቤት አከራዩም፣ ኪራዩን የሚደግፈውም፣ የሚቃወመውም ይምጣ። የውርርድ ቤት ሠራተኞች የሆናችሁ የሠፈራችን ልጆችም ኑ፤ ከውስጥ የምታዩትን ንገሩን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ድሩ የሚያብረው ግን ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሲመጣ ነው።

ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት